ከእነዚህ በቀር ማንም አይናገር

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሰንበሌጥ ቦይ ትልቁ በር አልተከፈተም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት ሲከፈት ስለኖረ የላይ ገነቴ ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሱ ነበር። ዘርትሁን ይመር ቦዩ ዳር ቆማ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ አባቷ ሲያደርጉ እንዳየችው ቀኝ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

«ክፈት» አለች።

«በማን ስም?» አለ በሩ።

«በሰንበሌጥ ቦይ ስም።»

በሩ ለአንድ አፍታ ዝም አለ። በር እንዲህ ዝም ሲል ስሙን ከመዝገብ እየጠየቀ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። «ይህ ስም ተናጋሪ የለውም» አለና ቀይ መብራቱን አበራ።

ዘርትሁን ደግማ ተናገረች። ሦስተኛ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሞከረች፤ አራተኛ ጊዜ ደግሞ እንደ ልመና አድርጋ። በር በልመና አይራራም። ከበሩ በላይ ውሃው ሞልቶ ተኝቷል፤ ከበሩ በታች የአርባ ሦስት አባወራ የሽንኩርትና የቃሪያ ችግኝ ውሃ እየጠበቀ ነው።

በዚያ ዘመን የማይጠይቅ ነገር አልነበረም። የቤት ደጅ፣ ወፍጮ፣ አውቶቡስ፣ የመድኃኒት መደብር ሁሉም «በማን ስም?» ይላል። የሰው ድምፅ መስረቅ ዶሮ ከመስረቅ የቀለለበት ክፉ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ድምፅ ብቻውን አይታመንም። እያንዳንዱ ስም፣ የቤት ይሁን የማኅበር፣ የጽሑፍ መዝገብ አለው፤ በመዝገቡም ላይ በዚያ ስም ማን መናገር እንደሚችል ተጽፏል። መዝገቡን የሚጽፈው ባለቤቱ ነው፤ የሚያነበው ግን የፈለገ ሁሉ ነው። ሚስቱን ቤቱ መዝገብ ላይ መጻፍ የረሳ ሙሽራ፣ ሙሽሪት ከነቬሎዋ ደጅ ላይ ግማሽ ቀን ስትቆምበት ታይቷል። ፍየሎች እንኳ ስም አላቸውና፣ የገዛ በረታቸው አላስገባ ብሏቸው ሲጮሁ መስማት የተለመደ ነው።

የሰንበሌጥ ቦይ ተናጋሪ የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት ማለት ተራው የማን እንደሆነ፣ ለማን ስንት ሰዓት እንደሚወርድ የሚወስን ሰው ነው። በሩ ከመተከሉ በፊትም ነበር፤ ያን ጊዜ በአካፋ ነበር የሚዳኘው። በሩ ከተተከለ ወዲህ ደግሞ በቃሉ። የውሃ አባቱ የዘርትሁን አባት አቶ ይመር እንድሪስ ናቸው። በላይ ገነቴ ሌላ ሰው ለበሩ መናገር፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ የሰው በቅሎ ሳያስፈቅዱ እንደመጫን ነው። ዘርትሁን ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራ ያን በር ስታናግረው የዛሬው የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገሩ የመጣው በአባቷ ጉሮሮ ነው። እብጠት ወጣባቸው፤ ድምፃቸው ሻከረ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ወደ ወረዳው ከተማ ሕክምና ከመሄዳቸው በፊት በተረፈቻቸው ሹክሹክታ በሩን የዐሥር ቀን ትእዛዝ ሰጡት። ከዚያ ሽማግሎች አልጋቸውን ከበው፣ «ይመር እስኪመለስ ለጊዜው ዘርትሁን ትናገር» አሉ። አቶ ይመር መልስ የሚሰጡበት ድምፅ አልነበራቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይህች መዞር የዘርትሁን ሆድ ውስጥ ቀረች። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፣ ውሃውን እንደሚቆጥቡት። አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለዋት አያውቁም። ልጅ ሳለች ወደ በሩ ሲሄዱ የሚያስከትሉት የአጎቷን ልጅ ከማልን ነበር፤ እሷ በሩቅ ነው የምታያቸው። አግብታ ከተማ ገባች፣ ፈትል ፋብሪካ ሠራች፣ ባሏ ሲሞት ተመለሰች። ስትመለስም ያሉት ነገር ቢኖር «ጓዳው ባዶ ነው፣ ግቢ» ብቻ ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ‹ከማል ነበር የሚፈልጉት› ብላ ደመደመች።

ማክሰኞ ማታ መዝገቡን ከፈተች። ሽማግሎቹ ተናገሪ ብለዋታል፤ ተናጋሪ ደግሞ መጻፍ አለበት ብላ አሰበች። መዝገቡ ላይ ካልገለጡት የማይነበብ አንድ የታጠፈ መስመር አለ፤ የአባቷ ነው። አልገለጠችውም። አባት በሕይወት እያለ ጽሕፈቱን መበርበር ኪሱን እንደመበርበር ነው፤ ማጥፋቱማ ጭራሽ የማይታሰብ። ‹አባቷ ሳይሞቱ ወንበራቸው ላይ ወጣች› መባል አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነበር። ብትገልጠው የከማልን ስም እንዳታገኝ ፈራች። ስለዚህ ከታጠፈው መስመር በታች የራሷን ጻፈች። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሯ ሰው። ብልሃት የሠራች መስሏት ደስ ብሏት ተኛች።

ረቡዕ የአባቷ የዐሥር ቀን ትእዛዝ የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ውሃው እንደወትሮው ወረደ። ሐሙስ ግን ቀይ መብራት።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። ከሁሉ ፊት አያ ሙሔ ናቸው፤ የአባቷ የዕድሜ እኩያ፣ መሬታቸው ከሁሉ በታች ስለሆነ ውሃ ሲቀር ቀድመው የሚደርቁት እሳቸው ናቸው።

«ምን ነካክተሽው ነው?» አሉ።

«ምንም አልነካሁም፣ አያ ሙሔ። ጻፍኩ እንጂ።»

«ትናንት ይወርድ አልነበረም? ይመር ታሞ ተኝቶ እንኳ ይወርድ ነበር! አንቺ ጤነኛዋ ስትመጪ ደረቀ?»

እውነት ነዋ።

አያ ሙሔ ጎንበስ ብለው አንድ የሽንኩርት ችግኝ ነቅለው አሳዩ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል። «ይሄ ዛሬን ይችላል። ነገ ጁምዓን ሰግጄ እመለሳለሁ። ያን ጊዜም ካልወረደ ድጅኖ ይዤ ነው የምመጣው።»

የድጅኖ ነገር ቀልድ አልነበረም። የተሰበረ በር ያለው ስም ከላይኛው ግድብ እስከ ክረምት ድረስ ይዘጋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አያ ሙሔም ያውቃሉ። ግን ሰው ሰብሉ ዓይኑ ፊት ሲሞት ሕግ አይታየውም። ዘርትሁን ነጠላዋን አንስታ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደች።

መዝገቦቹ የሚጠበቁበት የስም ቤት ሠራተኛዋ እታፈራሁ የምትባል፣ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ቆሎ ደብቃ የምትቆረጥም ሴት ነበረች። ተራዋ ደርሶ ዘርትሁን ፊቷ ስትቀመጥ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

«ስም?»

«ዘርትሁን ይመር።»

«ያንቺን አይደለም እህቴ፤ የምትናገሪለትን።»

«የሰንበሌጥ ቦይ።»

እታፈራሁ ሰሌዳውን አየች፤ ቆሎ መቆርጠሟን አቆመች፤ ከዚያ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ባላ ተከልሽ አይደል?»

«ምን አልሽኝ?»

«ሁለተኛ መስመር ጽፈሽበታል። ሁለት የተናጋሪ መስመር ያለው ስም ዲዳ ነው። በሩ ሁለት መስመር ሲያገኝ ይሄኛውን ልመን፣ ያኛውን ልመን ብሎ አይመርጥም፤ ሁለቱንም ይተዋል። ዓለም ላይ ያለ በር ሁሉ እንደዚያ ነው።»

«ሁለት ይሻላል ብዬ እኮ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። በዚህ ሳምንት ሰባተኛዋ ነሽ። ልጁ የአባቱን ላለማጥፋት፣ ምራቲቱ የአማቷን ላለማጥፋት፣ አዲሱ ሊቀመንበር የአሮጌውን ላለማጥፋት። የሌላ አገር ሰው ሲሳሳት ቸኩሎ ነው፤ የኛን አገር ዲዳ የሚያደርገው ይሉኝታ ነው።» ቆሎዋን ወደ ዘርትሁን ገፋ አደረገች። «ያው እንግዲህ አንድ መስመር ብቻ መቅረት አለበት። አንዱ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ላይ ያለ ስም ካስፈለገ ወደሚቀረው ይዛወራል።»

«የኔ ይጥፋ፣ የሳቸውን አታጥፊ» አለች ዘርትሁን ፈጥና። ወዲያው ደግሞ፣ «ግን የሳቸው ብቻ ከተረፈ ለበሩ የሚናገር የለም። ድምፃቸው ጠፍቷል» አለች።

«አንብቢያቸው እንግዲህ። ሳይነበብ የሚጠፋ መስመር የለም፤ ደንብ ነው። የራስሽን አስቀድሚ።»

ዘርትሁን አነበበች። «ተናጋሪ፦ ዘርትሁን ይመር። ከእርሷ በቀር ማንም አይናገር።»

«ማንም?» አለች እታፈራሁ። «አባትሽስ?»

ዘርትሁን የራሷን መስመር እንደ እንግዳ ደብዳቤ አየችው። ከቅጹ ናሙና ቀድታ ስሟን ብቻ ነበር የለወጠችው፤ የቀረውን ልብ አላለችውም። ላለማጥፋት የተጨነቀችላቸውን አባቷን፣ በገዛ ቃሏ ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በራቸው ላይ አባርራቸዋለች።

«ቅጹ ላይ የነበረውን ነው...» ብላ ጀምራ ተወችው።

«ሁለተኛውን።»

እጇን አነሳች፣ መለሰችው። ‹ከማል ይሆናል፤ ይሁን፣ ከሆነም ልወቀው› አለች በልቧ። የታጠፈውን መስመር ገለጠች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአደባባይ የኖረ፣ እሷ ግን አይታው የማታውቀው ጽሑፍ ተዘረጋ። ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው።

«ተናጋሪ፦ ይመር እንድሪስ፣ ዘርትሁን ይመር። ከእነዚህ በቀር ማንም አይናገር። ሚያዝያ 12 ቀን 2049።»

በ2049 ዘርትሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የወተት ጥርሷ ገና ተነቅሎ አላለቀም። ከማል የለም። ሽማግሌ የለም። ከሸለቆው ሰው ሁሉ ሁለት ስም ብቻ፣ ከዚያም ‹ማንም›። እታፈራሁ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ቆሎዋን ቀስ ብላ ቆረጠመች፤ እንግዳዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ አልዞረችም።

«የትኛው ይጥፋ?» አለች በመጨረሻ።

«የኔን አጥፊልኝ።»

«ጠፋ። ለውጡ በሩ ዘንድ እስኪደርስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞክሪ።»

«ከጁምዓ በኋላ አያ ሙሔ በድጅኖ ይመጣሉ።»

«እንግዲህ ያዣቸው» አለች እታፈራሁ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም።»

ዓርብ ዕለት ዘርትሁን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ነበረች። ችግኙ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ስምንት ሰዓት ላይ አያ ሙሔ ከመስጊድ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ድጅኖውን በትከሻቸው አድርገው መጡ። ኋላቸው ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ዘርትሁን ድጅኖውን አወቀችው፤ የአባቷ ነው፣ ባለፈው ዓመት ተውሰው ያልመለሱት።

«ወረደ?» አሉ።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ አያ ሙሔ።»

«ትናንት ሰጠሁሽ።»

«አንድ ሰዓት ብቻ። የጻፍኩትን አጥፍቻለሁ። የአባባ መስመር ብቻ ነው የቀረው። እኔም እሱ ላይ አለሁ፤ ካላመኑኝ መዝገቡን አውጥተው ያንብቡት።»

አያ ሙሔ ድጅኖውን መሬት ላይ ተከሉ። «ምን አነባለሁ?» አሉ። «አንቺ እንዳለሽበት የማላውቅ መሰለሽ?»

ዘርትሁን ደነገጠች። «ያውቃሉ?»

«በሩ የተተከለ ለት ይመር እዚህችው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልን እንጂ! ‹ይመርና ዘርትሁን› አለ። ‹ሕፃን ናት እኮ፣ ያውም ሴት› ብንለው፣ ‹ታድጋለች› አለን። ሴትነትሽን ዝም አለው፤ እሱ የሚድን ነገር አይደለም ብሎ መሰለኝ።» ኋላቸው ያሉት ሳቁ። አያ ሙሔ ግን አልሳቁም፤ ገና ነገሩ እየገባቸው ነበር። «ቆይ እስቲ። ባለፈው ተናገሪ ነው ያልንሽ። ጻፊ ያለሽ ማን ነው?»

ማንም አላለም። ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳትጽፍ፣ ሳትነካ፣ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ «ክፈት» ብትል ኖሮ ይከፈት ነበር። ይህን ስታስበው ሳቅም እንባም መጣባት፤ የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

«ማንም» አለች።

አያ ሙሔ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ድጅኖውንም ጎናቸው አጋደሙት። «አንድ ሰዓት» አሉ። «ዘጠኝ ካለፈ እሰብረዋለሁ፤ ወላሂ።»

ጠበቁ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ አያ ሙሔ ተነሡ፤ ድጅኖውን ግን አላነሱም። ዘርትሁን ብረቱን ነካች። ፀሐይ አግሎታል።

«ክፈት።»

«በማን ስም?»

«በሰንበሌጥ ቦይ ስም።»

በሩ ዝም አለ። የትናንቱን ያህል ነው ዝም ያለው፣ ከዚያ አልበለጠም፤ ዘርትሁን ግን የዘጠኝ ዓመቷን፣ የሠርጓን፣ የባሏን ቀብር የሚያህል መሰላት።

«ዘርትሁን ይመር» አለ በሩ። «ተናገሪ።»

ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የደረቀ ቅጠልና አቧራ እየገፋ ነው፤ ቆሻሻ ነው፣ ግን ውሃ ነው። አያ ሙሔ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ገልበው ወደ ማሳቸው ሮጡ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሲሮጡ ያያቸው ሁሉ ለሳምንት ሲያወራው ሰነበተ። ሴትዮዋ እልል አለች። ዘርትሁን እዚያው ተቀመጠች። እፎይ አለች፤ ደግማ እፎይ አለች።

ቅዳሜ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደች። ሐኪሙ እብጠቱ ክፉ ዓይነት እንዳልሆነ ነገራት፤ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ድምፃቸው ግን ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ‹ድምፅማ ይቅር› አለች በልቧ። አቶ ይመር ትራስ ተደግፈው፣ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጠዋል። መጻፊያ ትንሽ ሰሌዳ ተሰጥቷቸዋል።

«ውሃው?» ብለው ጻፉ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም።

«ወርዷል አባባ። አያ ሙሔ ሮጡ።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ መሆኑ ነው። ዘርትሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሁለተኛውን መስመር፣ ባላውን፣ እታፈራሁን። ስትጨርስ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «እርስዎን አስወጥቼዎት ነበር» አለች። «‹ከእርሷ በቀር ማንም አይናገር› ብዬ ጻፍኩ። እርስዎ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ... ለምን አልነገሩኝም?»

አቶ ይመር ጻፉ። እጃቸው ቀርፋፋ ነው። «አደባባይ ላይ ጽፌ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በጆሮሽ ደግሞ ልንገርሽ?»

«ሽማግሎቹ እኔን ሲሉ ፊትዎን አዞሩብኝ እኮ።»

ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ጻፉ፣ ደግመው ጠረጉት። በመጨረሻ አሳዩዋት። «ታዲያ ሽማግሌ ፊት ላልቅስ?»

ዘርትሁን የአባቷን እጅ ያዘች። በዕድሜዋ ይህን እጅ ይዛ የምታውቀው ስትሞሸር ስመው ሲመርቋት ብቻ ነው። እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ እጃቸውን አልነጠቁም፤ ከዚያ ቀስ ብለው አስለቀቁና እንደገና ብዕሩን አነሱ። ረጅም ነበር የሚጽፉት፤ እሷ በተገላቢጦሽ ለማንበብ ስትሞክር በክርናቸው ጋረዱባት። ሲጨርሱ አዞሩላት።

«ያጠፋሽውን መስመር አትርሺው። ከእኔ በኋላ የሚጻፈው እሱ ነው። ለጊዜው ግን አልሞትኩም።»

‹ለጊዜው› የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።